የንግሥቲቱ የመዋቢያ ሣጥን፦ የማሪ አንቷኔት ዕቃና የ1791ዱ ሽሽት

ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ቤተ መዘክር፣ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ዕቃዎች መካከል፣ ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ አንድ ሰፊ ሣጥን አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ከሌላ ባለጸጋ መንገደኛ ጓዝ እምብዛም አይለይም፤ ሲከፈት ግን የብር ማንቆርቆሪያ፣ የክሪስታል ብልቃጥ፣ የፖርሴሊን ሲኒ፣ የዝሆን ጥርስና የዞጲ እጀታ ያላቸው ጥቃቅን መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በልካቸው በተዘጋጀ ማደሪያ ውስጥ ተጋድመው ይታያሉ። ሣጥኑ ከ1787 እስከ 1788 ባለው ጊዜ የተሠራ ሲሆን፣ የብር ሥራው የፓሪሱ አንጥረኛ የዣን ፒየር ሻርፕና ነው። ባለቤቱ የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ነበረች።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። በ1791 የፈረንሳይ ንጉሣዊ ቤተሰብ ከፓሪስ ለማምለጥ በምስጢር ሲዘጋጅ፣ ዝግጅቱን ከከተማው ከንቲባ ጆሮ ካደረሱት ነገሮች አንዱ የንግሥቲቱ የመዋቢያ ሣጥን ነበር። ሠረገላው፣ የይለፍ ወረቀቱ፣ የጦር አለቆቹ ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቁ ሲቆዩ፣ የማበጠሪያና የሽቶ ዕቃ እንዴት ምስጢሩን አወጣ? የጉዳዩ ዋና ምስክር የንግሥቲቱ ቀዳሚ ደንገጡር የነበረችውና ትዝታዋ በ1822 ከሞተች በኋላ የታተመው ማዳም ካምፓን ናት። የእሷን ቃል ምን ያህል ማመን እንደሚገባ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደ ነበረ በቅጡ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ሣጥን «ኔሴሴር» ይሉታል፤ ቃሉ በቁሙ «አስፈላጊ» ማለት ነው። ለመንገድ የሚያዝ ቢሆንም ከመዋቢያነት አልፎ የአንዲት ባለጸጋ ሴት የቀን ኑሮ በሙሉ ተጣጥፎ የሚገባበት ዕቃ ነበር። ፊትና እጅ የሚታጠቡበት ሳህንና ኩስኩስት፣ ብሩሽና ማበጠሪያ፣ መስተዋት፣ የሽቶ ብልቃጥ፣ የዱቄትና የቅባት ሙዳይ በአንድ በኩል ሲደረደሩ፣ ሻይና ቸኮሌት የሚፈላበትና የሚጠጣበት ዕቃ፣ መቅረዝ፣ የስፌት መርፌና መቀስ፣ የጽሕፈት መሣሪያም አብረው ይገባሉ። ንግሥቲቱ በማንኛውም የገጠር ማደሪያ ብትወርድ፣ ይህ ሣጥን ከተከፈተላት ማለዳዋ እንደ ወትሮው ማለዳ ይጀምራል ማለት ነው።

ዕቃው በአንድ ባለሙያ እጅ የሚያልቅ አልነበረም። ሣጥኑን እንጨት ሠሪው ያበጃል፤ ብሩን አንጥረኛው ይቀጠቅጣል፤ ብልቃጡ ከብርጭቆ ሠሪ፣ ሲኒው ከፖርሴሊን ሠሪ፣ ምላጭና መቀሱ ከስለት ሠሪ ይመጣል፤ ዝሆን ጥርስና ዞጲ የሚያለዝበውና የሚጠርበው ባለሙያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ሁሉ አሰባስቦ የሚያስረክበው እሱ ነው። እያንዳንዱ ማደሪያ የሚበጀው በሚገባበት ዕቃ ልክ ስለ ሆነ፣ አንዲት ብልቃጥ ብትዘገይ የእሷ ቦታ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል፤ በችኮላ ሌላ ልክ ያለው ዕቃ ማስገባትም አይቻልም። ይህን የምዘረዝረው የጉዳዩ መሠረት እዚህ ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ለማሠራት ወራት ይፈጃል፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ከውስጡ የጎደለ ነገር ሁሉ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል።

የባለቤቱን ሁኔታ ስንመለከት፣ ማሪ አንቷኔት በ1755 ቪየና ውስጥ ከእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ተወልዳ በ1770 ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ የተዳረች፣ በ1774 ባለቤቷ ሉዊ 16ኛ ሲነግሥ ንግሥት የሆነች ሴት ናት። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የንግሥት መልበስና መዋብ የግል ጉዳይ አልነበረም፤ ማዕረግ ያላቸው ሴቶች በየደረጃቸው የሚያገለግሉበት፣ ጎብኚ የሚገባበት፣ መልእክተኛ የሚቀርብበት ሥርዓት ነበር። ካምፓን አንድ የክረምት ማለዳ ታስታውሳለች። ንግሥቲቱ ልብሷን አውልቃ ቆማለች፤ ካምፓን የውስጥ ልብሱን ዘርግታ ይዛለች። ከእሷ በማዕረግ የምትበልጥ ወይዘሮ ስትገባ ልብሱ ወደ እሷ ተላለፈ፤ የኦርሌያን መስፍን ባለቤት ስትመጣ እንደገና ተላለፈ፤ የንጉሡ ወንድም ሚስት ስትደርስ ለሦስተኛ ጊዜ እጅ ለወጠ። በዚህ ሁሉ መካከል ንግሥቲቱ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በብርድ ትጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ በስንት ዓይኖች መካከል ትታጠብና ትበጠር እንደ ነበር ለመረዳት ከዚህ ታሪክ የሚሻል አላገኘሁም። ሽቶዋን የሞንፔሊዬው ተወላጅ ዣን ሉዊ ፋርዦን ያቀርብላት ነበር፤ ጸጉሯን የሚሠራው በመላው አውሮፓ ስሙ የታወቀው ሌዮናር ነበር፤ ሽታዋን፣ ብልቃጧን፣ ብሩሿን የማያውቅ የቤተ መንግሥት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1789 ሕዝቡ ንጉሣዊውን ቤተሰብ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ካመጣው በኋላ፣ ኑሮ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት በብሔራዊ ዘብ ጥበቃ ሥር ሆነ። ኤፕሪል 18 ቀን 1791 ቤተሰቡ ለፋሲካ ወደ ሴን ክሉ ሊሄድ ሲነሣ ሕዝቡ ሠረገላውን ከብቦ አላላውስ አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ነጻ አለመሆናቸው ለማንም ግልጽ ነበር። የማምለጡ ዕቅድ ግን ከዚያ በፊት ተጀምሯል። ስዊድናዊው መኮንን አክሰል ፎን ፌርሰን ሠረገላውንና ወረቀቱን ያዘጋጃል፤ በምሥራቅ ጠረፍ በኩል ያለውን ጦር የሚያዝዘው ጄኔራል ቡዬ በሞንሜዲ ምሽግ ሊቀበላቸው ይጠብቃል። ንግሥቲቱ በበኩሏ በ1791 ማርች አካባቢ የራሷን ጓዝ ማሰናዳት ጀመረች።

ካምፓን እንደምትለው፣ በዚህ ሥራ የተላከችው እሷው ነበረች። ማንነቷ እንዳይታወቅ ብቻዋን እየወጣች ስድስት የውስጥ ልብስ ከአንዷ ሰፊ፣ ስድስት ከሌላዋ ታዝዛለች፤ የንግሥቲቱን ሴት ልጅ ልብስ በራሷ እኅት ልጅ ልክ፣ የአልጋ ወራሹን በራሷ ልጅ ልክ ታሠፋለች፤ የተጠራቀመውንም በሣጥን አድርጋ በአራስ ከተማ ለምትኖር አክስቷ ትልካለች። ለእመቤቷ ግን የፈረንሳይ ንግሥት በሄደችበት ሁሉ ቀሚስና የውስጥ ልብስ እንደማታጣ፣ ይህ ድካም የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን አደገኛ እንደ ሆነ ነግራታለች። ምክሩ አልተሰማም። ንግሥቲቱ ከልብሱም አልፋ የመዋቢያ ሣጥኗ ቀድሟት እንዲሄድ ቈረጠች።

ማመካኛው እንዲህ ነበር። የንግሥቲቱ እኅት አርሽዱቼስ ማሪ ክሪስቲን ከባሏ ጋር ሆና ዋና ከተማው ብራስልስ የሆነውን የኦስትሪያን ኔዘርላንድ እንድታስተዳድር የተሾመች ነበረች። ሣጥኑ ለእሷ ስጦታ ነው ተብሎ ቢላክ ማንም አይጠረጥርም የሚል ነበር የንግሥቲቱ ሐሳብ። ካምፓን ተቃወመች፤ ይህን ያህል ዓይን በሚጠብቅበት ቤት ነገሩን የሚገነዘብ ሰው አይታጣም አለች። በመጨረሻ የተስማሙበት መንገድ ከመጀመሪያው ሐሳብ የተሻለ ነበር፤ ንግሥቲቱ የራሷ ሣጥን ከክፍሏ ሳይነሣ፣ የኦስትሪያ አምባሳደር ኮንት ደ መርሲ በሌለበት የቪየናን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሹም፣ ንግሥቲቱ ስትዋብ አገልጋዮቿ ሁሉ ባሉበት ቀርቦ፣ ለብራስልሷ ገዥ በዚህ ሣጥን አምሳያ ሌላ እንዲሠራላት ይጠይቃል። ንግሥቲቱም በሹሙ ፊት ለካምፓን ሥራውን እንድታዝ ትነግራታለች። ወጪው 500 ሉዊ የሚባል የወርቅ ገንዘብ ነበር፤ በጊዜው ሒሳብ 12000 ሊቭር መሆኑ ነው። ካምፓን ይህ ገንዘብ ጥርጣሬን ለማስተኛት ከሆነ ብዙ አይደለም ብላ ነበር ያየችው።

ይህን ክፍል ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ዘዴው በእውነት በጥበብ የተሠራ ነው። የመዋቢያው ሰዓት ሕዝባዊ ስለ ሆነ ንግሥቲቱ ያንኑ ሕዝባዊነት ለጥቅሟ አዋለችው፤ ምስጢሩን የምትሰውረው በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ በተነገረ ትእዛዝ ነው። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም አይቷል፤ ስለዚህ አንድ የመዋቢያ ሣጥን ወደ ብራስልስ ሲወጣ የሚገርመው አይኖርም። ዕቅዱ ግን በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፦ አዲሱ ሣጥን በጊዜው መድረስ አለበት።

አልደረሰም። ሥራው ከታዘዘ ከአንድ ወር በኋላ፣ በሜይ አጋማሽ፣ ንግሥቲቱ ሣጥኑ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀች። ካምፓን የዝሆን ጥርስ ባለሙያውን አስጠርታ ብትጠይቀው ገና ስድስት ሳምንት እንደሚቀረው ነገራት። ጉዞው በጁን እንዲሆን ተወስኗል፤ መጠበቅ አይቻልም። ንግሥቲቱም ትእዛዙ በሁሉ ፊት የተሰጠ ስለ ሆነ፣ እኅቴ በመዘግየቱ ትዕግሥቷ አልቋል ቢባል ይበቃል ብላ፣ የራሷ ሣጥን ተራግፎና ተወልውሎ ለቪየናው ሹም እንዲሰጥ አዘዘች። ካምፓን ነገሩን ምስጢር ሳታስመስል ለአንዲት የልብስ ክፍል አገልጋይ አስተላለፈችው፦ በሣጥኑ ያለውን ሁሉ አውጪ፤ አርሽዱቼሷን ላይስማማት ስለሚችል የሽቶ ቅሪት እንዳይኖርበት አጥብቀሽ ጥረጊ።

አገልጋይቱ የታዘዘችውን በትክክል ፈጸመች። በዚያው ምሽት ደግሞ፣ ካምፓን ሜይ 15 ነው በምትለው ቀን፣ ወደ ፓሪስ ከንቲባ ወደ ባዪ ሄዳ በንግሥቲቱ ዘንድ የጉዞ ዝግጅት እየተደረገ መሆኑን፣ የመዋቢያ ሣጥኑም ለአርሽዱቼስ ክሪስቲን ስጦታ ነው በሚል ማመካኛ መውጣቱን አሳወቀች። የማመልከቻዋ ፍሬ ነገር፣ ንግሥቲቱ ይህን ዕቃ እጅግ ስለምትወደው ከእጇ ልታወጣው እንደማትችል፣ ለመንገድ ጊዜም እንደሚጠቅማት ደጋግማ ስትናገር መሰማቷ ነበር።

የዚህች ሴት አስተያየት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ በአድማ ወሬ ላይ የተመሠረተ አልነበረምና። የቪየናው ሹም ያየው የዲፕሎማሲ ሥርዓት ነው፤ በእልፍኙ የቆሙት መኳንንት የሰሙት ለእኅት የታዘዘ ስጦታ ነው። ብልቃጡን አንድ በአንድ እያወጣች የፋርዦንን ሽቶ ከክሪስታሉ ያጠበችው ሴት ግን ያየችው ሌላ ነው። ለስጦታ የታዘዘው ዕቃ አዲስ ነበር፤ አሁን የሚሄደው ግን እመቤቷ በየማለዳው የምትነካው፣ ሽታዋን የያዘ፣ የሽታዋ ዱካ በትእዛዝ መጥፋት ያለበት ዕቃ ነው። ደግሞም አንዲት ንግሥት ከስድስት ሳምንት በኋላ አምሳያው የሚደርስላትን ነገር፣ እኅቷ ስለ ቸኮለች ብቻ፣ ያለ መታጠቢያዋና ያለ ብሩሿ መቅረትን መርጣ አትሰጥም። ይህን ለማወቅ የመንግሥት ምስጢር ማንበብ አያስፈልግም፤ የንግሥቲቱን ማለዳ ማወቅ ይበቃል፤ ማለዳዋን ደግሞ የሚያውቁት የሚያገለግሏት ናቸው። ንግሥቲቱና ካምፓን ማመካኛውን ያዘጋጁት ለሚሰሙ ሰዎች ነበር፤ ዕቃውን በእጃቸው ለሚይዙት ምንም አላዘጋጁም።

ስሕተቱ በአልማዙ ጉዳይ ላይ እንደገና ታየ። ንግሥቲቱና ካምፓን በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ በኩል በሚያሳየው ትንሽ ክፍል ተዘግተው ጌጡን በጥጥ እየጠቀለሉ በትንሽ ሣጥን ሲያኖሩ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ የካርታ ጨዋታ የሚጀመርበት ሰዓት ስለ ነበር ንግሥቲቱ ሥራውን አቋርጣ መውረድ ነበረባት። ቁልፉን እኔ ይዤዋለሁ፣ በመስኮቱ ሥርም ዘብ አለ ብላ አልማዙ በሶፋው ላይ እንዳለ እንዲያድር አደረገች። ያንን ክፍል የምታጸዳው፣ አበባውን የምትለውጠው ግን ያችው አገልጋይ ነበረች፤ ካምፓን ሴትዮዋ ሌላ ቁልፍ አስቀርጻ መሆን አለበት ትላለች፤ ኋላ በሰጠችው ሁለተኛ ቃል በሶፋው ላይ ተበትኖ ያየችውን አልማዝና ጥጥ በዝርዝር ተናግራለችና። የአልማዙ ሣጥን በበኩሉ ለጸጉር ሠሪው ለሌዮናር ተሰጥቶ ከሀገር ወጣ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ከብራስልስ ተነሥቶ ቪየና ለደረሰችው ለንግሥቲቱ ልጅ ተመልሷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረውን መደምደሚያ ማረም ያስፈልጋል። የመዋቢያ ሣጥኑ ንጉሡን አስያዘው የሚለው አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ የነገሩን አካሄድ ስንከተለው ግን አይጸናም። ጥቆማው የቀረበው ከሽሽቱ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ባዪ ከንቲባው ይህን ተቀብሎ ንግሥቲቱን በግልጽ አላስከሰሰም። ጥበቃው ጠንክሯል፤ ጁን 20 ምሽት ባዪና የብሔራዊ ዘቡ አዛዥ ላፋዬት ራሳቸው በንጉሡ የመኝታ ሥርዓት ላይ ተገኝተዋል። ይህም ሆኖ ንጉሣዊው ቤተሰብ በዚያው ሌሊት አንድ በአንድ ከቱይለሪ ወጥቷል። የልጆቹ ሞግዚት ማዳም ደ ቱርዜል ባሮነስ ኮርፍ፣ ንግሥቲቱ የልጆቹ አስተማሪ፣ ንጉሡ ዱራን የሚባል አሽከር፣ የስድስት ዓመቱ አልጋ ወራሽ ሴት ልጅ መስለው በአንድ ትልቅ ሠረገላ ፓሪስን ለቀቁ። ስለዚህ ሣጥኑ በሩን አልዘጋባቸውም።

የአገልጋዮች ዓይን በዕቅዱ ላይ ያደረሰው ጉዳት በሌላ መንገድ ነው። ጉዞው በመጀመሪያ የታሰበው ለጁን 19 ነበር፤ በአልጋ ወራሹ ዘንድ የምታገለግል አንዲት የማትታመን ሴት ተራዋ እስኪያልቅ ሲባል በአንድ ቀን ተላለፈ። በየመንገዱ የተተከሉት የቡዬ ወታደሮች በዚህ ምክንያት በማያውቃቸው ሕዝብ መካከል መቆየታቸው ጥርጣሬን አብዝቷል። ጁን 21 ደግሞ ሠረገላው ከተባለው ሰዓት ብዙ ስለ ዘገየ፣ በፖን ደ ሶም ቬል ከፈረሰኞች ጋር ይጠብቅ የነበረው መስፍን ሹዋዘል ቦታውን ለቆ ሄደ፤ ቀጥሎ ላሉት አለቆችም «ሀብቱ» በዚያ ቀን እንደማያልፍ የሚገልጽ መልእክት ላከ። መልእክቱን ያደረሰው ሌዮናር ነበር፤ የንግሥቲቱ ጸጉር ሠሪ። በሴንት ሜኑ የፖስታ ፈረስ ሹም የነበረው ድሩዌ ንጉሡን ጠርጥሮ ቀድሞ ቫሬን ሲደርስ ሠረገላውን የሚያጅብ ጦር በቅርብ አልነበረም። ቤተሰቡ በዚያች ትንሽ ከተማ ተይዞ ጁን 25 ወደ ፓሪስ ተመለሰ። በዚያው ሌሊት በቀላል ሠረገላና በጥቂት ጓዝ የተነሣው የንጉሡ ወንድም፣ የፕሮቫንስ ኮንት፣ ያለ ችግር ብራስልስ ገብቷል፤ ይህ ንጽጽር በራሱ ብዙ ይናገራል።

ከቫሬን መልስ ያለው ሁኔታ ለንግሥቲቱ የመረረ ነበር። የአገልጋይቱ ወዳጅ የነበረውና በቱይለሪ የጥበቃውን ኃላፊነት የያዘው የላፋዬት ረዳት ጉቪዮን፣ የሴትዮዋን ምስል ወደ ንግሥቲቱ ክፍል በሚያወጣው ደረጃ ግርጌ እንዲሰቀል አደረገ፤ ዘቡ ከእሷ በቀር ሌላ ሴት እንዳያሳልፍ ነው። ንግሥቲቱን ለመልበስና ለመታጠብ የምትረዳት ሴት የጠቆመቻት ራሷ እንድትሆን መታሰቡ ነው። ይህ ነገር ብዙም ባይቆይም፣ ሥልጣን ከመኝታ ቤት ጀምሮ እጅ መለወጡን ከብዙ አዋጅ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

የካምፓንን ምስክርነት በተመለከተ፣ ሁለት ነገር በአንድ ላይ መያዝ ይገባል። ደንገጡሯ በቦታው ነበረች፤ ስለ ቀን፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥራው መዘግየት የምትሰጠው ዝርዝር በቤቱ ውስጥ ያልኖረ ሰው የሚፈጥረው አይመስልም። በሌላ በኩል የምትጽፈው ከአብዮቱ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ የንጉሣዊው ቤት ዘር እንደገና ሲነግሥ ነው፤ ለእመቤቷ በቂ ታማኝ አልነበረችም የሚል ሐሜትም ይከተላት ነበር። በየአንቀጹ ራሷን አስቀድማ የመከረች፣ ያልተሰማች ሴት አድርጋ የምታቀርበው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አገልጋይቱ የራሷን ታሪክ በትዝታ መልክ አልተወችልንም፤ የምናውቃት ባጋለጠቻቸው ሰዎች ቃል ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ሴትዮዋን ከዳተኛ ብዬ ለመፈረጅ አልደፍርም። በ1791 ለብዙ ፓሪሳውያን የንጉሡ ማምለጥ ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተመልሶ መምጣት ማለት ነበር፤ ሣጥኑም የሚሄደው በኦስትሪያ ሥር ወዳለች ከተማ ነው።

ዛሬ ከማሪ አንቷኔት ስም ጋር የተያያዙ ሁለት የታወቁ የጉዞ መዋቢያ ሣጥኖች አሉ። አንዱ የሉቭሩ ሲሆን፣ ሌላው የሽቶ ሥራ ከተማ በሆነችው በግራስ፣ በዓለም አቀፉ የሽቶ ቤተ መዘክር ይገኛል። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሣጥኖች መኖራቸው ካምፓን ከምትተርከው የዋናና የአምሳያ ታሪክ ጋር በደንብ ስለሚገጥም፣ የትኛው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም። እዚህ ላይ የብሩ ማኅተም ይረዳል። ከአብዮቱ በፊት የፓሪስ አንጥረኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚለወጥ ፊደል በብር ሥራ ላይ ያትም ስለ ነበር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ወይም ሳህን የተሠራበት ዓመት በቅርበት ይታወቃል። የሉቭሩ ሣጥን ብር ከ1787 እስከ 1788 ያለውን ጊዜ የሚያመለክት ከሆነ፣ ያ ሣጥን በ1791 የጸደይ ወራት የታዘዘው አምሳያ ሊሆን አይችልም፤ ንግሥቲቱ ገና በቬርሳይ ሳለች የተሠራ፣ አብዮቱን ቀድሞ ያየ ዕቃ ነው። ያን ጊዜ የታሰበለት መንገድ ከቬርሳይ ወደ ፎንቴንብሎ ወይም ወደ ኮምፒየኝ የሚደረገው የቤተ መንግሥት ጉዞ እንጂ ሽሽት አልነበረም።

ንግሥቲቱ ከቱይለሪ ወደ ታምፕል እስር ቤት፣ ከዚያም ኦገስት 2 ቀን 1793 ሌሊት ወደ ኮንሲየርዠሪ ተዛወረች። በዚያ ያገለገለቻት ሮዛሊ ላሞርሊየር የምትባል ወጣት የቤት ሠራተኛ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያየችውን ተናግራለች። እስረኛይቱ መስተዋት እንኳ አልነበራትም፤ ሮዛሊ በወንዙ ዳርቻ ከሚሸጡት ሱ በሚባለው ጥቃቅን ሳንቲም በ25 የገዛችውን፣ ጠርዙ ቀይ የሆነ፣ በጎንና በጎኑ የቻይና ሰዎች ሥዕል ያለበትን የራሷን ትንሽ መስተዋት አዋሰቻት። ልብሷንና ጥቃቅን ነገሮቿን የምታኖርበት ቁም ሣጥን ወይም ሙዳይም ስላልነበራት፣ ሮዛሊ አንድ የካርቶን ሣጥን አመጣችላት። ንግሥቲቱ ኦክቶበር 16 ቀን 1793 እስከተገደለችበት ዕለት ድረስ መዋቢያዋ ያ ነበር። ሮዛሊ እንደምትለው፣ ሣጥኑን የተቀበለችው በዓለም ካለ ዕቃ ሁሉ ያማረው እንደ ተሰጣት ሰው ደስ ብሏት ነው።